«ያስቀን ነበር»

ልጄ ዘአማኑኤል፣ በሄድክበት ሁሉ ቅዱስ ሚካኤል ይቅደምልህ። እኛ አቃቂ ደኅና ነን፤ መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ እንደነግጣለን።

የጦር ጓደኛህ ሀብተሚካኤል ከጁባ ለፈቃድ መጥቶ ጠየቀኝ። በእረፍታችሁ ቀን የሻለቃውን ኮፍያ ፍየል ላይ ደፍተህ፣ አዲስ ገቢዎቹን ሰላምታ እንዳሰጠሃቸው ነገረኝ። ስቄ ሳልጨርስ «እማማ፣ ዘአማኑኤል እኮ በጣም ያስቀን ነበር» አለ። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው አስተምሬያለሁና «ነበር»ን ሰምቼ አላልፍም። «አሁንስ?» አልኩት።

«ታክሲ ያመልጠኛል» ብሎ ተነሣ። ወደ ቱሉ ዲምቱ በየደቂቃው ታክሲ አለ።

ከፋሲካ ወዲህ ስልክህ አይሠራም። ልጄ፣ በ«ነው» የምታልቅ አንዲት መስመር ጻፍልኝ። እመብርሃን በጥላዋ ትጋርድህ፤ «ምግቡ መጥፎ ነው» ብትለኝም ይበቃኛል።

እናትህ አቻምየለሽ