ለመብራት የተባለው ቅባ ኑግ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአያሌው። ሆዴ፣ አፈር ከለበስክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጣልያን ከደብረ ማርቆስ ወጥቷል፤ ወንድሜ ጓሉም ከጫካ ገብቷል። ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ ትናንት እሱ የነገረኝ ነገር አንጀቴን ቆርጦታል።

የጣልያንን ካሚዮን ስትነዳ በነበረ ጊዜ ራት ላይ ወሬህ ሞተር ብቻ ነበር። አዲስ ሞተር እንደ ወይፈን ነው ትለኝ ነበር፤ መጀመሪያ ያለ ጭነት፣ በዝግታ እየተነዳ ይገራል፣ ዘይቱም ንጹሕና የራሱ መሆን አለበት፣ ቶሎም ይቀየራል። ስታወራ ፊትህ ስለሚበራ፣ ሰው የጠላቱን ብረት እንዲህ ይወዳል እንዴ እያልኩ አፍርብህ ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲገባ፣ ለደብሩ መብራት ተስያለሁ ብለህ ቅባ ኑግ ጠየቅኸኝ። ኑጉን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ፣ የጠለለውን ከላይ እየቀዳሁ በጠርሙስ ሞላሁልህ። ለታቦት ይቅደም ብዬ ጾሙን ሙሉ ሽሮዬን በውኃና በጨው በላሁ። ጓሉ እንደ ነገረኝ ግን፣ ለካስ አንተ ለአዲሱ ካሚዮን ሞተር ስታጠጣው ኖረሃል! ያልተገራውን ሞተር ጥይት አስጭነህ ዳገት ለዳገት አጣደፍከው። ኑጉ እንደ ሙጫ ያዘውና አማኑኤል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጓሉና ጓደኞቹ እንደ ተቃጠራችሁት እዚያው ይጠብቁህ ነበር። ጭነቱን ወሰዱ፤ አንተ ግን በተኩሱ መሀል ወደቅህ።

ለቅሶህ ላይ ሰው አልመጣም። ባንዳ የእጁን አገኘ ተባለ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር። አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አንገቴን ቀና አድርጌ እችለው ነበር። ያንን ቃል ለወንድሜ ሰጠኸው፤ ኑጉን ለወቀጥኩት ለእኔ ነፈግኸኝ። ጓሉ ለአንቺው ደኅንነት ብሎ ነው ይለኛል። በታቦት ስም ዋሽቶ? ጣልያን ቢገርፋት ታወጣለች ብለህ ጠረጠርከኝ እንጂ! እኔን? ከአንድ ባሕር የተቀዳን መስሎኝ ነበር።

ጓሉ ለሰው ሁሉ ስላወራ፣ ዛሬ እነዚያው ሴቶች የአርበኛ ሚስት እያሉ ይስሙኛል። እኔም እስማቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

ጓሉ አርሶልኝ ዘንድሮም ኑግ ዘርቻለሁ። ሲደርስ እንደዚያው ወቅጬ የመጀመሪያውን ጠርሙስ እኔው ለደብሩ እወስደዋለሁ፤ ስለትህ ውሸት ሆኖ እንዳይቀርብህ። መብራቱ በበራ ቁጥር ስምህን አነሣለሁ፤ እስክሞት አልረሳህም። እስክንገናኝ ድረስ ግን አኩርፌሃለሁ።