የአባባ ፊርማ

ፊላዴልፊያ፣ መስከረም 14 ቀን 1834

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ቅዝቃዜው ሲገባ ጉልበትሽ እንደ አምናው ያስቸግርሽ ጀመር? ፖሙስ ተለቅሞ አለቀ? እኔ በሰውነቴ ጤነኛ ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ የዋሸሁት ይበቃኛል።

እህቴ ሬጊና አግብታ ከሄደች ወዲህ እዚያ ቤት ፊደል የሚለዩ አንድ ሰው ብቻ እንደቀሩ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ የቀደድኩት።

ፕሬዚዳንቱ የመንግሥትን ገንዘብ ከብሔራዊው ባንክ አውጥተው ለየግዛቱ ባንኮች ካከፋፈሉ ጀምሮ፣ እኛ የባንኩ ጸሐፊዎች ሥራችን ፊርማ ማሰባሰብ ሆኖ ነበር። «ገንዘቡ ይመለስ» የሚል አቤቱታ ለኮንግረስ ይላካል። በጸደይ ተራው ደረሰኝና አለቃዬ፣ «አንተማ የገበሬ ልጅ ነህ፣ አገርህ ሂድና አስፈርም። የገዛ ዘመዶችህን እሺ ካላሰኘህ ማንን ልታሳምን ነው?» አለኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መጥቼ ነበር እማዬ፤ ይህን አታውቂም። ከቤታችን በላይ ካለው ኮረብታ ደርሼ ቁልቁል ሳይ፣ አባባ በምርጫው ዓመት ከገዛ ጫካችን ቆርጠው ደጋፊዎቻቸው በጠንካራው ዛፍ በሂኮሪ ስም ለሚጠሯቸው ለፕሬዚዳንቱ ያቆሙት የሂኮሪ ግንድ ባንዲራውን እንደያዘ ቆሟል። ያንን ወረቀት እንዴት አድርጌ ፊታቸው ልዘርጋ? ፈራሁ። ተመልሼ መንገድ ዳር ካለ ማደሪያ ገባሁና፣ ሁለት ቢራ ጠጥቼ በአባባ ስም ፈረምኩ። ካስፓር ሆልትዝ፣ ገበሬ። በሺህ ስም መሐል ማን ያየዋል ብዬ ነው። ስም በስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

የሆነውን ሬጊና ጻፈችልኝ። ዘለር መጠጥ ቤት ውስጥ አንጥረኛው ዮስት፣ «ኧረ ካስፓር፣ ባንኩ ምን አጉርሶህ ነው?» ሲላቸው፣ አባባ ጠረጴዛ እየደበደቡ አልፈረምኩም ብለው ማሉ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሲምሉ ከረሙ። በኋላ የወረዳችን እንደራሴ ዋናውን ወረቀት ከዋሽንግተን ይዞ መጥቶ ዘረጋላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት አለች። የስማችንን የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ እንደ አሳማ ጭራ የሚጠመዝዝ ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ልጅ ሳለሁ በዚህ ስንቴ ተቆጥተውኛል። ከዚያ «የኔው እጅ ነው» ብለው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ዘንድሮ ለምርጫው የሚቆመው አዲሱ ግንድ ከዮስት ጫካ ተቆረጠ። የመጀመሪያውን መጥረቢያ እንዲያሳርፉ አባባን የጠራቸው የለም።

አፈርኩ እማዬ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ብዕር በያዝኩ ቁጥር እጄን ማየት ያስጠላኛል። ሬጊና እንኳ እውነት መስሏት፣ «አባባ ምን ነክቷቸው ነው?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሁለት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠኋትም።

ይህን የሚያነቡልሽ ሰው እዚህ ላይ ድምፃቸው ቢቆራረጥ ውኃ ስጫቸው። ወይም ከፖሙ ወሬ በቀጥታ ወደ ምርቃቱ ይዘሉ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ሸፍነውኛልና አሁንም አይተዉም። ስለዚህ ይህንኑ ጽፌ፣ በገዛ ስሜ ፈርሜ፣ ለዚያው ጋዜጣ ሰጥቻለሁ። ቅዳሜ ይወጣል። ዘለር ቤት የሚሰበሰቡት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ያነቡታል። የባንኩን ሥራ ዛሬ ጠዋት ለቅቄያለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ቤታችንን ይጠብቅልን። አባባ ቅዳሜ ዘለር ቤት እንዳይቀሩ አደራ። ቢፈቅዱልኝ ለገና እመጣለሁ፤ ባይፈቅዱም ኮረብታው ድረስ እመጣለሁ።

ጭራዋን ዛሬም ማረም ያቃተው
ልጅሽ