ሰርቨሩን ላስተኙት ክቡር ዳይሬክተር፣ ካነቃችው ልጅ እህት

ለክቡር የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ደም ግፊትዎ፣ ወገብዎ፣ ስብሰባ በረዘመ ቁጥር ይነሳብኛል የሚሉት የራስ ምታት፣ ሁሉም ደኅና እንዲሆኑልዎ የምመኘው ከልቤ ነው፤ እስከ መጪው ሐሙስ ድረስ በሙሉ ጤንነት እንዲቆዩልኝ የምፈልግበት የግል ጉዳይ አለኝና። ሐሙስ ረፋድ ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ይሰበሰባል። ኮሚቴው ፊት የምትቀርበው የእርስዎ የሰርቨር ባለሙያ፣ የእኔ ደግሞ ታናሽ እህት ናት። ክሱ "በቸልተኝነት የሆስፒታሉን ዋና ሰርቨር ከአገልግሎት ውጪ ማድረግ" ይላል። ከተፈረደባት ከሥራ ትሰናበታለች፤ በግል ማኅደሯ ላይም ነገ ሌላ ቀጣሪ አንብቦ በሩን የሚዘጋባት አንድ መስመር ይሰፍርባታል። ከሳሹም ፈራሚውም እርስዎ ነዎት።

የዚህ አምድ አንባቢዎች የሚያውቁኝ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ልጅ አስተዳደግ ስለፈልፍ ነው። ስለ ኮምፒውተር አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም፤ የቤቴን ዋይፋይ እንኳ የምጠግነው ነቅዬ መልሼ በመሰካት ነው። ሆኖም እህቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሎኔ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ስለዋለች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስጠይቅ ስለዋልኩ፣ በመስኩ ከእርስዎ የሚበልጥ እውቀት ቀስሜያለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መለኪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው።

ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንደማያነቡ ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ትጋትዎ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ከበላይ አካል እንግዶች ይጠበቁ ነበር። እርስዎም ከቢሯቸው ከማይወጡት አለቆች እንዳልሆኑ ለማስመስከር ሰርቨር ክፍል ድረስ ወርደው፣ ስክሪኑ ላይ "አዲስ ድራይቨር አለ" የምትል ማሳሰቢያ ሲያዩ፣ እንግዳ ፊት ታዋርደናለች ብለው ተጨነቁ። እህቴ ድራይቨሩ ለዚያ ማሽን እንዳልተሞከረ፣ መጀመሪያ በትርፉ ማሽን ላይ መፈተሽ እንዳለበት፣ ለዚህም እሑድ ሰው ሲቀንስ ብትሠራው እንደሚሻል በትሕትና አስረዳችዎ። እርስዎ ግን "አንቺ ልጅ፣ እኔ ኮምፒውተር ስነካ አንቺ እናትሽ ጀርባ ላይ ነበርሽ" ብለው አሳረፏት። የእናታችንን ጀርባ ስላስታወሱ አመሰግናለሁ፤ እኔም እዚያው ጀርባ ላይ ስላደግኩ ጉዳዩ በአንድ አፍታ የቤተሰብ ሆነ። ከዚያም እሷን ፕሮጀክተር እንድታስተካክል ወደ አዳራሹ ልከው፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው፣ በገዛ ጣትዎ ጫኑት።

እንደ እኔ ላሉ አንባቢዎች ላስረዳ። ድራይቨር ማለት ማሽኑ ከገዛ ዕቃዎቹ ጋር የሚግባባበት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚ በሉት። እርስዎ የቀየሩት ሰርቨሩን ከዲስኩ ጋር የሚያነጋግረውን አስተርጓሚ ነበር። ምስኪኑ ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሳ፣ የስድስት ዓመት መዝገብ የተቀመጠበትን የራሱን ዲስክ ማየት አቃተው። ይነሳል፣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ኪሱ ውስጥ ያለ ቁልፍ እየፈለገ ደጁ ላይ የሚንቆራጠጥ ሰው አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ።

2ኛ. ስለ ፍጥነትዎ። የጥበቃ ሠራተኛው እንደነገረኝ (ሰው ደግሞ ለእኔ መንገር ይወዳል)፣ ያልጠራ ስልክ ጆሮዎ ላይ ደግነው፣ "እሺ ክቡርነትዎ፣ እሺ" እያሉ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጡት። በዕድሜዎ ይህን ያህል ቅልጥፍና ማየት ያስደስታል። ታች ግን ካርድ ክፍሉ ቆመ። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ውጤት በእጇ እየጻፈች በየፎቁ ትሮጥ ጀመር። ለቀዶ ጥገና ተዘጋጅተው፣ ከዋዜማ ጀምሮ ምግብ ሳይቀምሱ የመጡ አንድ አባት የደም ውጤታቸው ስላልተገኘ ቀጠሯቸው ተላለፈ። "አባባ፣ ኮምፒውተሩ ታሞ ነው" ቢሏቸው፣ "ታዲያ እሱም ካርድ ያውጣና ከኋላዬ ይሰለፍ!" አሉ ይባላል። እንግዶቹም በበኩላቸው አዲስ የታደሰውን መጸዳጃ ቤት ጎብኝተው፣ ተደንቀው ተመልሰዋል።

3ኛ. ስለ ማበረታቻዎ። እህቴ ከአዳራሹ ተጠርታ ስትመለስ ማንም ምን እንደተነካ አልነገራትም። እርስዎ ስልክዎን ዘግተው ነበር። ስልክዎ የተከፈተው ጥፋቱ ሌላ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያማ በየአሥር ደቂቃው "ምን ደረሰ? ምን ደረሰ?" እያሉ ሃያ ሦስት ጊዜ ደወሉ። በአሥራ አራተኛው ጥሪ ላይ "ፎርማት አድርጊውና እንደ አዲስ ጫኚው፣ ምን ያንቀረፍፍሻል!" ብለው አዘዙ። የመጨረሻው መጠባበቂያ ቅጂ የአሥራ አንድ ቀን ዕድሜ ነበረው፤ ትእዛዝዎ ቢፈጸም የአሥራ አንድ ቀን ሕመምተኛ፣ ወላድና አራስ ከመዝገብ ይፋቅ ነበር። እህቴ "አላደርገውም" አለች። በክስ ወረቀቱ ላይ "የአለቃን ትእዛዝ አለማክበር" ተብላ የሰፈረችው ይህችው ቃል ናት።

ምን እንዳደረገች ያውቃሉ? አያውቁም፤ ሪፖርቷን ሳያነቡ ነው "ታይቷል" ብለው የመሩት። መጀመሪያ ማሽኑን በጥቂት ድራይቨር ብቻ ለማስነሳት ሞከረች፤ እምቢ አለ። በማስነሻ ፍላሽ ገብታ የመጠገኛውን ገጽ ከፈተች፤ እዚያም ዲስኩ የለም። ያኔ ጠረጠረች። ሰርቨሩ ሲገዛ አብሮት የመጣውን፣ ሁሉ ሰው ይጣል ያለውን ካርቶን በርብራ የድሮውን ድራይቨር በሲዲ አገኘች፤ በእጇ ጫነችው፤ ዲስኩ እንደ ጠፋ ልጅ ከተፍ አለ። የእርስዎን አዲሱን ድራይቨር ለይታ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ነቅላ አወጣችው፤ ዲስኩን መረመረች፤ አስነሳችው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመግቢያው ገጽ በራ። ከመዝገቡ አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች ይላሉ፤ እሷ ግን የማቀዝቀዣው ነፋስ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው ትላለች። እኔ እህቷ ነኝ፣ እሷን አምናለሁ።

4ኛ. ስለ ፈጣን ምላሽዎ። በማግስቱ ጠዋት የእግድ ደብዳቤዋ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሰርቨሩን ያስነሳች እጅ ገና የካርቶን አቧራዋን ሳትታጠብ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የተወጋ ሰው እህት መጽሔት ላይ አምድ ሲኖራት ደግሞ አይጣል ነው።

5ኛ. ይህ ነው ዋናው ምስጋናዬ፤ ስለ ሥርዓት ወዳድነትዎ። አምና "ሰርቨር የነካ ሁሉ ሰዓቱን፣ ስሙንና የሠራውን በካርቦን በሦስት ቅጂ ይመዝግብ" የሚል መመሪያ አውጥተው ነበር፤ ነጩ መዝገቡ ላይ ይቀራል፣ ቢጫው ለጸሐፊዎ ይሄዳል፣ ሮዙ መዝገብ ቤት ይገባል። እህቴ ሳትቀር ያኔ ሳቀችብዎ፤ ይቅርታ እጠይቅላታለሁ። እንግዶቹ አይተው እንዲደነቁ ብለው፣ ማሽኑን አጥፍተው ከማስነሳትዎ በፊት፣ በራስዎ የእጅ ጽሑፍ "ድራይቨር በእኔ አማካይነት በተሳካ ሁኔታ ታድሷል" ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መቱበት። ምግቡ ሳይበስል ጣፈጠ እንደማለት ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ ነጩን ቀደዱ። ቢጫውን ከጸሐፊዎ ተቀበሉ። ሮዙን ግን መዝገብ ቤት የምትሠራዋ እናታችን ከምሳ በፊት ሰብስባው ሄዳ ነበር፤ እሷ ደግሞ ለጡረታ አንድ ዓመት እስኪቀራት ድረስ አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ፈገግ ብለው ሄደው እንድትመልስልዎ ጠየቋት። "ጌታዬ፣ ከዚህ ቤት ወረቀት የሚወጣው በደብዳቤ ነው፤ መመሪያው የእርስዎ ነው" አለችዎ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጊዜ አርፎ ወደ ቢሮው ይመለስ ነበር። እርስዎ ግን፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤ ጻፉ! ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ማኅተም ያለው፤ "በስሕተት የተመዘገበ በመሆኑ የማክሰኞው ቅጂ ተመላሽ ይደረግልኝ" የሚል። እናታችንም ደብዳቤውን በክብር ተቀብላ፣ ከሮዙ ቅጂ ጋር አያይዛ ፋይል አደረገችው። ባለፈው ዓርብ ሁለቱንም በፖስታ አሽጋ ለኮሚቴው ሰብሳቢ አስረክባለች፤ የተረከበበትንም አስፈርማለች። እናቴን ገና በአካል አላገኘኋትም፤ ስልክ ስደውልላት ግን "ልጄ፣ እኔ ማንንም አልወነጀልኩም፤ ሁለት ወረቀት ነው የያያዝኩት" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እህቴ ይቅር ብላዎታለች። የምትፈልገው ወደ ሥራዋ ተመልሳ ያንን ክፍል መክፈት ብቻ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፣ የሰበርኩባትን አሻንጉሊት እንኳ ራሷ ጠግና ለእኔው ትሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ያልተጠየቅኩትን ይቅርታ የመስጠት ልማድ የለኝም። ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ፊት ቆመው፣ ያችን የራስዎን መስመር በራስዎ ድምፅ፣ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። "በተሳካ ሁኔታ" የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይበሉ።

ውኃ በብዛት እየጠጡ፣ ጨው እየቀነሱ፣ በጊዜ እየተኙ ለዕለቱ እንዲደርሱልኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ የእርስዎ ታማኝ አመስጋኝ፣ የሥራዎ አድናቂ፣ የፊርማዎም አፍቃሪ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የባለሙያዋ ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ይህን መጽሔት ፀጉር ቤት፣ ታክሲ ውስጥና ሐኪም ጋ ተራ ሲጠብቁ ለሚያነቡ ሁሉ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ኮሚቴው ከሐሙስ በፊት "ድራይቨር ምን እንደሆነና ሰርቨሩ ለምን እንዳልነሳ የሚያስረዳ የሙያ ምስክር" እንዲያቀርቡ እንደጠየቀዎት ሰማሁ። በሆስፒታሉ ውስጥ ይህን ማስረዳት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ ግቢው እንዳትደርስ አግደዋታል። እግዱን ካላነሱ ምስክር የለዎትም፤ ካነሱ ደግሞ ጥፋተኛ ያሏትን ሰው ለእውነት እንደሚያምኗት በጽሑፍ አረጋገጡ ማለት ነው። እስከ ረቡዕ ያስቡበት። እሷ የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ ጨርሳለች።