ወንድማማቾቹ ክርክሩን አብረው ያዩበት ቀን

ቆቦ፣ እሑድ ግንቦት 9

ዛሬ ቤቴ ውስጥ ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ባለቤቴ እንድሪስና ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ሰይድ የሚደግፉት ፓርቲ ስለተለያየ ከጥር ጀምሮ አይነጋገሩም። የዕጩዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን አብረን እንድናይ ጋሽ ሰይድን ከሮቢት የጠራኋቸው ለእንድሪስ ሳልነግረው ነው።

መጀመሪያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዕጩ ሲናገር ብቻ "ይበል!" ይሉ ነበር። ለማን እንደምመርጥ ያልወሰንኩት እኔ ሦስቱንም ዕጩዎች አዳመጥኩ። ከዚያ አንዲት ገበሬ ከአዳራሹ ተነስታ የተበላሸው የመስኖ ሞተር መቼ እንደሚጠገን ጠየቀች። የእንድሪስ ዕጩ ስለ ሰላም አወራ፤ የጋሽ ሰይድ ዕጩ ስለ ታሪክ። ሦስተኛዋ ዕጩ "አላውቅም፤ መጥቼ አየዋለሁ" አለች። ልቤ ያኔውኑ ወደሷ አዘነበለ።

"ያንተ ሰው እኮ አልመለሰላትም" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"የእርስዎስ መለሰላት፣ ጋሼ?"

ተያዩና ሳቅ አመለጣቸው።

"የምመርጠው ግን ያንኑ የራሴን ሰው ነው" አሉ ጋሽ ሰይድ ሲነሱ።

"እኔም" አለ እንድሪስ፤ ግን እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው።

ሲመለስ "እስከዛሬ ለምን አልጠራሻቸውም?" ብሎ ተቆጣኝ። አልሐምዱሊላህ።