ብሳሳት ማን ይጎዳል? የሕፃናት ሐኪሟ እህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ኅዳር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታችን ከፊት የአባታችን ሱቅ፣ ከኋላ የእናታችን የስፌት መኪና ያለባት ባለ ሁለት ክፍል ነበረች። አባታችን ሰዓቱን ከፍተው ሳያዩ «ምን ነካው?» ቢባሉ መልስ አይሰጡም ነበር። እናታችን ግን የቤቱን ጥፋት ሁሉ ፊት አይተው ይፈርዱ ነበር። እህታችን ከሁለቱም ወርሰዋል።

ይህን የማነበው እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ በስድስት ዓመቴ የአባታችንን ማጉያ መነጽር ሰበርክ ተብዬ ልገረፍ ስል፣ እሳቸው በአሥራ አንድ ዓመታቸው «ቆይ እስቲ» ብለው በመሐል ገቡ። የእናታችንን ሜትር አንስተው ቁመቴን ከነክንዴ፣ ከዚያም መደርደሪያውን ለኩ። እጄ እንደማይደርስ ታየና ነፃ ወጣሁ። «ቆይ እስቲ» የሚለው ቅጽል ስምም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣላቸው። እውነቱን ለመናገር መነጽሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1960 ዓ.ም. ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1967 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1969 ዓ.ም. ፋርማሲስት ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው የጋብቻ ጥያቄ ሲያቀርቡላቸው «ቆይ እስቲ» ተብለው ሁለት ዓመት መጠበቃቸውን በየሰው ሠርግ ላይ ያወሩት ነበር። በ1972 ዓ.ም. በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ በአንድ ሆስፒታል፣ በደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሠርተዋል።

በ1976 ዓ.ም. አንዲት የአራት ወር ሕፃን ዳይፐር ሲቀየርላት ታለቅሳለች ተብላ መጣች። ራጅ ስትነሳ ሦስት የጎን አጥንቶቿና የአንድ እግሯ አጥንት ተሰብረው ተገኙ። አባትየው የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ማን መታት ተብለው ሲጠየቁ ተቆጥተው ጠረጴዛ ደበደቡ። እህታችን «ይህች ሕፃን ተመትታለች» ብለው ፈረሙ። አባትየው ታሰሩ፣ ሕፃኗም ከእናቷ ተለይታ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰደች።

ከአምስት ወር በኋላ በማሳደጊያው ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች እያዩ፣ አንዲት ሞግዚት ዳይፐር ስትቀይርላት ሌላው እግሯ ተሰበረ። እህታችን የሕፃኗን ካርድ አስወጥተው እንደገና አነበቡ። የዓይኗ ነጭ ክፍል ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ በራሳቸው እጅ ጥግ ላይ ጽፈውት ነበር። ይህ አጥንት ሳይመታ እንዲሰበር የሚያደርግ፣ አብሮ የሚወለድ በሽታ ምልክት ነው። ጽፈውት ሳለ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ የአባትየው ቁጣ በቅቷቸው ነበር። «የዚያን ቀን ሰዓቱን ሳልከፍት፣ እንደ እማዬ ፊት አይቼ ፈረድኩ» ብለውኛል። ለፍርድ ቤቱ ስህተቱ የራሳቸው መሆኑን ጽፈው ሰጡ፤ አባትየው ተፈቱ፣ ልጅቷም ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሕፃን በመጣ ቁጥር ወረቀቱን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ይከፍሉት ነበር። በመጀመሪያው ያዩትን፣ በሁለተኛው ያንን ሊያመጣ የሚችለውን ሁሉ፣ በሦስተኛው «ብሳሳት ማን ይጎዳል?» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ዳኛ ሦስተኛው ሕክምና አይደለም ብለው መልሰውባቸው ነበር። እህታችን «እውነት ነው፣ አይደለም። ስንት ማስረጃ ይበቃል የሚለውን ራጅ አይነግረኝም። ለራሴ የምወስነው ስለሆነ፣ እርስዎም ይዩት ብዬ ነው» አሏቸው።

ይህ ግን ልበ ስስ አላደረጋቸውም። የአንድ ልጅ ጀርባ በሲጋራ ተቃጥሎ ሲመጣ፣ አጎትየው የተከበረ ሰው ነው ተብሎ ቢለመኑም «ሰው ያደረሰው ነው» ብለው ጽፈው ችሎት ፊት ቆመዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰውነቱ በልዞ መጥቶ፣ የደም ውጤት እስኪመጣ ብለው ወደ ቤቱ የላኩት የሁለት ዓመት ልጅ፣ በዘጠነኛው ቀን ክንዱ ተሰብሮ ተመልሷል። ያንን ሲያነሱ ምግብ አይበሉም ነበር። የሁለቱን ልጆች ወረቀት፣ አባቷ ያለ ጥፋት የታሰሩባትን ሕፃንና እሳቸው በመዘግየታቸው የተጎዳውን ልጅ፣ እስከ ጡረታቸው በአንድ መሳቢያ አኑረዋል።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ውጤቱን ራሳቸው አንብበው፣ ራሳቸው ለልጆቻቸው ነገሩ። አንድ ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ የማጉያ መነጽሩን ጥፋት ተናዘዝኩ። እሳቸው ግን «የእግርህን ዱካ ከወንበሩ ላይ በቀሚሴ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሐኪም አልነበርኩም፣ እህትህ ነበርኩ» አሉኝ። ቀጥለውም የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ያቺ ሕፃን ካልገባች እንዳላነበው አስጠነቀቁኝ።

ወንድ ልጃቸው «በእናቴ ቀብር ጥፋት አይነበብም» አለ። የሚያውቁት ሰዎች ተው ብለው ቢያባብሉትም እንቢ አለ። እኔም አልፈረድኩበትም። ግራ ሲገባኝ ወረቀቱን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ የሚጎዱት የእኛ ቤት ሰዎች ብቻ እንዳልሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ጽሑፉን ይዤ ጡረታ ወደ ወጡት ሾፌር ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይነበብ» አሉኝ። «ግን ጎደሎ ነው። ዶክተሯ ሦስት እሑድ በራችንን ማንኳኳታቸው አልተጻፈበትም። ሁለቱን እሑድ ሰድቤ መለስኳቸው፣ በሦስተኛው ሚስቴ ከፈተችላቸው። ጥፋታቸውን ቆመው ተናገሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን የሚያክሙልኝ እሳቸው ነበሩ። ይጨምሩበት።»

ጥፋታቸውን ጻፉ ብለው ያስጠነቀቁን እህታችን፣ ይህንን ለአንዳችንም ነግረውን አያውቁም። ልጃቸው ሲሰማ አለቀሰና ይነበብ አለ።

እህታችን የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ታናሽ ወንድም ትተዋል። ክራንቿን ይዛ ከአባቷ ጋር ከፊት የተቀመጠችውም ከቤተሰቡ ተቆጥራ ነው።

ፈራጁ አምላክ እንደ እሳቸው ሳይቸኩል፣ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም አይቶ፣ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።