አውራ ጣቴ ጡረታ ወጥቷል

ልጄ ናዝሬት፣ በዚያ በረዶ ውስጥ የመካኒሳው አቦ እጅሽን ይያዝልኝ።

የላክሽውን የአባትሽን የልብ መድኃኒት ሦስት ወንድ ዘርሬ አስመለስኩት። ሦስት እንኳ አይደሉም፤ አንድ ነው፣ ግን ወፍራም ነው። ካርቶኑ አንድ ወር ጠፍቶ ከርሞ፣ ሀይሌ ጋርመንት ያለው ዕቃ አድራሽ «እትዬ እፀገነት፣ ወስደውታል እኮ፤ አሻራዎ ይኸው» ብሎ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ደረሰኝ አሳየኝ።

«የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ አውራ ጣቴ ጡረታ ወጥቷል፤ የምፈርመው በእስክሪብቶ ነው» አልኩት።

ከጠረጴዛው ሥር ስሜ የተጻፈበት ካርቶን አየሁ። አነበብኩት። ስጎትተው አፌን በቡጢ አለኝ። እኔም ክንዱን ነክሼ፣ በርጩማውን ግንባሩ ላይ ሰበርኩበት። እዚህ ደብዳቤ ላይ ያለው ጠብታ የእሱ ደም ነው።

አባትሽ መድኃኒቱን ጀምሯል። ዘርሽ ይባረክ። አንድ ነገር ዋሽቻለሁ፤ ደሙ የእኔ ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ካወቀ መድኃኒቱን አልውጥም ይላል።