ፎጣውን ያወረድኩ ዕለት

ቡፋሎ፣ ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 29

ውዷ ልጄ ቴሳ፣

እግርሽ እንዴት ሆነ? ያ ውሃ የቋጠረው ተረከዝሽ ዳነልሽ? ስልክ መንጠቃቸው ሳያንስ ልጅን የጨዋታ ውጤት ማስጠማት ምን የሚሉት የወታደር ሥልጠና እንደሆነ እኔ አይገባኝም። የጥሎ ማለፉን ጨዋታ አንድ በአንድ ጻፊልኝ፣ አባዬ ምን እንዳለም አትርሺ ብለሽኝ ነበር። እጽፍልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባትሽ አሁን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ልቡ ነው። ሦስት የደም ሥሮች ተደፍነው ተገኙ። ከገባ ቆይቷል፤ እኔ ውጭ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን የማሽገው ዶክተሯ ወጥታ ካናገረችኝ በኋላ ስለሆነ የሆነውን ሁሉ መጨረሻው ላይ ታገኚዋለሽ። ዘለሽ እንዳታዪ ብልሽም አትሰሚኝም፤ የማን ልጅ ሆነሽ።

የደበቅንሽ እሱ አስምሎኝ ነው። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት፣ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና እየነዳ ደረቱን ጨመቀው። መንገድ ዳር አቁሞ ትንሽ አረፈና ሥራውን ጨርሶ መጣ። ለእኔ የነገረኝ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው፣ ያውም ቃር ነው ብሎ። ጎትቼ ወሰድኩት። ዶክተሯ ምርመራውን አይታ በዚሁ ሳምንት ካልገቡ አለችው። አባትሽ ኮፍያውን በጣቱ እያሽከረከረ የአሜሪካን ፉትቦሉ ወቅት ሳያልቅ አልገባም አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

የኔን ጉድ ደግሞ ስሚ። መኪና ውስጥ ስንጨቃጨቅ ቆይተን ተዋዋልን፤ የኛ ቡድን በተሸነፈ ማግስት ደውሎ ሊገባ። እጁን ሰጠኝ፣ ጨበጥኩት። ምን ነክቶሽ እሺ አልሽ ትዪኝ ይሆናል። ልጄ፣ እኔ ይህን ቡድን ከነነፍሱ አውቀዋለሁ። ጥሎ ማለፍ ሲደርስ አንገቱን አመቻችቶ የሚሰጥ ቡድን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አሳፍረውኛልና አሁንም በመጀመሪያው ቅዳሜ ያሳፍሩኛል፣ ሰኞ ባሌን አስገባለሁ ብዬ ተማመንኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። አጎትሽ ዋሊ እንደ ልማዱ በበርበሬ ስጎ የተለወሰ የዶሮ ክንፍ በባልዲ ይዞ መጣ። ለአባትሽ ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ አቀረብኩለት። ባልዲውን እያየ ሲያኝክ ብታዪው አንጀትሽን ይበላው ነበር። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በአፌ ጎበዝ እላለሁ፣ በሆዴ ጣለው፣ ኳሱን ጣለው እላለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተመኝቼ አላውቅም። የገዛ ቤቴን የምሰርቅ መሰለኝ።

ሠላሳ ስምንት ለአሥር አሸነፉ። እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም። ያ አንቺ የምትወጂው ጢማሙ ተከላካይ ኳስ ነጥቆ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። አባትሽ ሲስቅ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ማሽኑን ባዶውን አስነስቼ አለቀስኩ።

ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት የሐይቁ ደመና በረዶውን ገለበጠብን። ስታዲየሙ እንደተለመደው አካፋ ያለህ ና ብሎ ጠራ። አባትሽ አካፋውን ከጋራዥ አውጥቶ ቦት ጫማውን ሲያስር ደረስኩበት። በሬሳዬ ላይ ተራምደህ ካልሆነ አትሄድም አልኩት። በዚህ ዓመት ከቤታችን ሰው ሳይሄድ ቢቀር ለቡድኑ ጥሩ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ። ስለዚህ እኔ ሄድኩ። አስቢው፣ እንዲሸነፉ ሌት ተቀን የምጸልየው ሴትዮ የሚያሸንፉበትን ወንበርና ሜዳ ስጠርግ ዋልኩ። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።

የወጥ ቤቱን በር ነገር መቼም ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ እኔ ድንች እያጠብኩ ምን ሆኑ ልል በሩ ላይ ብቅ ስል፣ የዕቃ ፎጣው በግራ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ያ ሩቅ ምት በምሰሶዎቹ መካከል ገባ። "እማ፣ ከዚያ እንዳትነቃነቂ" አልሽኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ የመጨረሻ ምት በመጣ ቁጥር እኔ በር ላይ ነኝ፣ ፎጣው በግራ ትከሻዬ። አንዴ ስልክ ላነሳ ብሄድ ሳቱት፤ ዋሊ አንድ ወር ሙሉ አላናገረኝም። የሞኝ ነገር ነው ይላል የሩቅ ሰው። በዚህ ቤት የኖረ ግን አይልም።

ሁለተኛው ጨዋታ እኩል ለእኩል አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ገባ። መቺው ልጅ ወደ ሜዳ ሲወጣ አባትሽን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግራ ክንዱን ያሻል። ከምላሱ ሥር የሚያደርጋትን ኪኒን ሲያወጣ ከእጁ አመለጠችው፤ ዋሊ ከምንጣፉ ላይ ለቅሞ ሰጠው። አምቡላንስ ልጠራ ወደ ስልኩ ስራመድ "ማርሲ፣ በሩ" አለኝ። ትእዛዝ አልነበረም። ልመና ነበር። ሃያ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ለምኖኝ አያውቅም። ሄጄ ቆምኩ። ፎጣውን ጣል አደረግኩ። ኳሱ መሃል ለመሃል ገባ።

ሰፈሩ በጩኸትና በጥሩምባ ተናወጠ። አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ፤ ከወንበሩ የሚነሳበት አቅም ግን አልነበረውም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ዋሊ ከሦስተኛው ቢራ በኋላ በረንዳው ላይ ጠራኝ። ሲጋራውን ሳይለኩስ በጣቱ ያሽከረክራል።

"ኳሱ አይደለም የያዘው" አለኝ። "አባታችን በሱ ዕድሜ እዚያ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ አልወጣም። ወንድሜ ኖርብ ፈርቷል። ፈራሁ ማለት ስለማይችል ኳስ ይላል።"

ያን ሳምንት ስለምነው፣ ስቆጣው፣ ሳኮርፈው ከረምኩ። አልተሸነፍንም እኮ፣ ውል ውል ነው ይለኛል። ዶክተሯ ደውላ ግማሽ ፍጻሜውን ካሸነፉ እስከ ዋንጫው ስንት ጊዜ አለ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ሳምንት አልኳት። እሱ ሁለት ሳምንት ያለው አይመስለኝም አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሰው ሜዳ። ስለ ጨዋታው ብዙ አትጠይቂኝ፤ ያየሁት የአባትሽን ደረት ነው፣ ከፍ ዝቅ ሲል። ኳስ ወርዋሪያችን ሦስት ጊዜ ተጥሎ ሦስት ጊዜ ተነሳ። መጨረሻ ላይ በሁለት ነጥብ እየተመራን፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ምት አገኘን። ልጁ ከዚያ ርቀት ዓመቱን ሙሉ አልሳተም። ከገባ አለፍን። ዋሊ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኳል። አባትሽ ሁለተኛዋን ኪኒን ከምላሱ ሥር አድርጎ የወንበሩን ክንድ ጨምድዷል። እኔ በር ላይ ነኝ፣ ፎጣው በግራ ትከሻዬ።

ልጁ ወደ ኋላ እርምጃውን ሲለካ ፎጣውን አወረድኩት። አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። በጓሮ በር ወጣሁና በቤት ነጠላ ጫማ በረዶው ውስጥ ቆምኩ፣ ከቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ።

ኳስ ሲገባ ሰፈሩ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ከየትኛውም ቤት ትንፍሽ የሚል ጠፋ። ቴሳ፣ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ራሱን ይዞ ሳለ እኔ በርሜሉን ተደግፌ ተመስገን አልኩ። እግሬ ደንዝዞ እስኪያቃጥለኝ ድረስ መግባት አልቻልኩም።

ስገባ ልጁን እያሳዩት ነበር። የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ካንቺ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። የስፖርት ሰዎቹ ነፋሱ ወደ ቀኝ ገፋው አሉ። ዋሊ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። አባትሽ ቴሌቪዥኑን ዘጋና "በቃ" አለ። በማግስቱ ሰዉ ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው መንገድ አጥሩ ላይ ለልጁ "አሁንም የኛ ነህ" የሚል ካርቶን ሰቀለለት። እኔም ጽፌ ሰቀልኩ። የኔ ከሁሉም ይተልቃል።

ሆስፒታሉ ዘንድ ግን ሰኞ ጠዋት ራሱ ደወለ። ቃሉን አላጠፈም።

ዛሬ ጠዋት ሊወስዱት ሲሉ ነርሷ ደቂቃ ሰጠችን። ዋሊ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ አንተ ግትር በቅሎ ብሎት ዓይኑን እየጠረገ ወጣ። አባትሽ እጄን ያዘ። እጁ በረዶ ነበር።

"ማርሲ" አለኝ፣ "ፎጣውን ስታወርጂ አይቼሻለሁ።"

በሌላ እጄ የአልጋውን ብረት ጨበጥኩ።

"ዋሊም አይቶሽ ሊጣራ አፉን ሲከፍት እጁን ያዝኩት" አለ። "ዝም በል አልኩት።" ደግሞ "ፈርቻለሁ" አለኝ። ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ቀና ብሎ "ለቴሳ ነፋስ ነው በያት" አለ፣ በሩም ተዘጋ።

ስለዚህ ልጄ፣ ነፋስ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ተቀምጬ አይደለም። መጠባበቂያው ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚህ ነው። ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ እናቴ፣ ወንበር አለልዎት እኮ አለችኝ። እዚሁ ይሻለኛል አልኳት። ግራ ትከሻዬን አየችና ሳትጠይቀኝ ሄደች። ፎጣውን ከቤት ይዤው መጥቻለሁ። ዋሊም አይቶኛል፤ ካለሁበት እንዳልነቃነቅ ብሎ ቡናዬን እሱ ነው የሚያመላልሰው።

እመቤታችን በምትረግጪው መንገድ ሁሉ ትቅደምልሽ። ተረከዝሽን ደረቅ አድርገሽ ያዢ። አለቆችሽ ሲጮሁብሽ አባትሽ በጨዋታ ቀን ከሚጮኸው እንደማይብስ አስቢ። እወድሻለሁ፣ እሱም ይወድሻል።

እናትሽ ማርሲ

ዶክተሯ አሁን ወጣች። ጭምብሏን አውርዳ ከሩቅ ፈገግ እያለች ነው የመጣችው። ልቡ በራሱ መምታት ጀምሯል። አሁን ልቀመጥ።